መዝገብ ላይ ያረፈው ፓይለት

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ «አንዲት ጸሐፊ ነበረች» እያልኩ ነው። ጸሐፊዋ እኔ መሆኔን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሆነው። አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

አንድ ባለጸጋ ሦስት ትንንሽ አውሮፕላኖችና አራት ፓይለቶች ነበሩት። በበጋ መንገደኛው ብዙ ስለሆነ ፓይለቶቹ ከንጋት ጀምሮ ይበራሉ። ያኔ የሚከፍላቸው በወር ነው፤ ሰዓቱን የሚቆጥር ፓይለት ካለ «ሥራ አትወድም» ይለዋል። ክረምት ሲገባ ደመናው ዝቅ ይላል፣ መንገደኛውም ይቀንሳል። ያኔ ደግሞ ክፍያው በበረራ ሰዓት ይሆናል። በበጋ ሰዓት መቁጠርን የሚጠላው ሰው ሰኔ ላይ ራሱ ቆጣሪ ሆኖ ይመጣል።

በክረምት ፓይለቶቹ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ይመጡና ሰማዩ እስኪከፈት መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ። መውጣት አይፈቀድላቸውም። የእኔ ሥራ የእያንዳንዳቸውን ውሎ መመዝገብ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ባለጸጋው አጠገቤ ቆሞ፣ ጎማው ካልተንከባለለ ሥራ እንደሌለ፣ ስለዚህ «ዕረፍት» ብዬ እንድጽፍ ነገረኝ። የእጅ ጽሑፌም እንደሚያምር ጨመረልኝ። በሙገሳው አፍሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ።

ፓይለቶቹ ይቀልዱበት ነበር። ሚስቶቻቸው ሲደውሉ «ዕረፍት ላይ ነኝ፤ ስጨርስ ቤት መጥቼ አርፋለሁ» ይሏቸዋል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አንድ የነሐሴ ቀን ጉሙ እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት አልተነሣም። እንደተነሣ ባለጸጋው መጣና ካፒቴን ይልቃልን መንገደኛ ጭኖ እንዲነሣ አዘዘው። ካፒቴኑ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጥ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ከዚህ ሥራ ሌላ ገቢ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። የበረራ ደንቡ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ የቆየ ፓይለት በረራ እንዳይጀምር እንደሚከለክል፣ እሱ ግን አሥር ሰዓት እንደሞላው በትሕትና አስረዳ።

«ሻይ ስትጠጣ ውለህ ደከመኝ ትላለህ?» አለው ባለጸጋው። «ወንበሩ ነው ያደከመህ?»

«ጋሼ፣ ዕረፍት ከነበረ ቤቴ ልሂድ ስል ለምን ተከለከልኩ? ሥራ ከነበረ ደግሞ ክፍያው የታለ? አንዱን ይምረጡልኝ።»

ባለጸጋው ወደ እኔ ዞረና መዝገቡ ምን እንደሚል ጠየቀኝ።

በዚያ ቀን ካፒቴኑ ሦስት ጊዜ ልሂድ ብሎኝ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «አይቻልም፣ ይቀመጡ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ብቻ ብናገር ይበቃ ነበር።

«መዝገቡ ዕረፍት ይላል» አልኩ።

ካፒቴኑ ሳይቆጣ አየኝ። «አስካለ፣ አንቺም እንደ እኔ ወንበር ላይ ነው የዋልሽው። አርፈሻል?» አለኝ። ዓይኔን መዝገቡ ላይ ተከልኩ። ቆቡን አንሥቶ ወጣ። ባለጸጋውም ከኋላው ሁለተኛ እንዳይመለስ ተናገረ።

ያንን በረራ ያንኑ ያህል ሰዓት ተቀምጦ የዋለ ሌላ ፓይለት በረረው። መንገደኞቹ ምንም አላወቁም፤ በሰላም ደረሱ። ባለጸጋው «አየሽ?» አለኝ። አዎ፣ አየሁ። አውሮፕላኑ በደህና ማረፉ ግን የእኔን ውሸት እውነት አላደረገውም።

የሌላውን ድካም ዕረፍት ብሎ የሚጠራ ሰው ሁለት ጊዜ ይሰርቃል፤ ከሠራተኛው ደመወዙን፣ ከመንገደኛው ደህንነቱን። ብቻውን ግን አይችልም። መዝገብ የሚይዝለት፣ የተማረ፣ ጨዋ የሚባል ሰው ያስፈልገዋል። እኔን ሰዎች ዓይናፋር ይሉኛል። ያን ቀን ዝም ያሰኘኝ ዓይናፋርነት አልነበረም፤ የራሴ ደመወዝ ነበር። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እናንተስ የማንን ድካም በሌላ ስም ጽፋችኋል?

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቡን ከፈትኩ። የካፒቴን ይልቃልን ስም በማስመሪያ ሰረዝኩ። ሦስቱ ፓይለቶች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ለሦስቱም «ዕረፍት» ብዬ ጻፍኩ፤ ጽሑፉ እንዲያምር ተጠንቅቄ።