የማያፈሰው ድንኳን

አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በባሌ ተራሮች ግርጌ ባለች ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ የስፌት መኪና ሲረግጡ የኖሩ ሰው። ስማቸው ወንድይፍራው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ወንድይፍራው ይላቸዋል። በቀን ሃያ ጊዜ መነጽራቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃ» ይሉበትና በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ትርሲት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነው። የትርሲት ሥራ ተራራው ላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ትቆጥራለች። አትሳቁ! ካልተቆጠረ ስንት እንደቀረ ማን ያውቃል? ከአራት ቀን በኋላ አምባው ላይ ወጥታ አሥራ ሁለት ቀን በእግሯ ልትዞር ነው። እዚያ መንደር የለም፣ ጣራ የለም። ቤቷ ጀርባዋ ላይ የተሸከመችው ብቻ ነው።

አንድ መንገደኛ ትቶላት የሄደ ቀላል ድንኳን ነበራት። ከነዘንጉ ሲጠቀለል ሁለት ኪሎ ስኳር አያህልም። ግን አርጅቷል፤ አንድ ጎኑ ተቀዷል፣ ስፌቱም ለቋል። «አባዬ፣ እስኪ እየው» ብላ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ወንድይፍራው የተቀደደውን ጠገኑ፣ ስፌቱን ደረቡ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ በላዩ ሻማ አሹበት። ከዚያ ጣራው ሥር መዳፍ የሚያካክሉ ሁለት የመረብ መስኮቶች አገኙ። ደነገጡ። «ይኼን የሠራ ሰው ልጅ የለውም!» አሉ። በዚያ ብርድ፣ በተኛ ሰው ራስ ላይ መስኮት ይከፈታል? «ልጄን ንፋስ ቢመታብኝስ?» አሉ።

እናንተ ብትሆኑስ? በሚያዝያ ሙቀት፣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት፣ ስንታችን ነን «ወንድሜ፣ ዝጋው እንጂ» የምንለው? እናም ጋሽ ወንድይፍራው ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ቆርጠው ሁለቱንም መስኮቶች ደፈኗቸው፤ በድርብ ስፌት። ከፍቅር ነው የደፈኗቸው። ይህንንም ያዙልኝ።

ከዚያ ሙከራ መጣ። ድንኳኑን ግቢያቸው ውስጥ ተከሉት፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እሳቸው ዱካ ይዘው ገቡ፣ ዚፑን ዘጉና ከውስጥ «ልቀቁት!» አሉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ የውሃ ጎማውን ይዘው ሩብ ሰዓት ሙሉ አወረዱበት። ጋሽ ወንድይፍራው ሲወጡ ሸሚዛቸው ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ሰዉ አጨበጨበላቸው። «የፈለገው ጎርፍ ይምጣ!» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ትርሲት ከረጅሙ ጉዞ በፊት አንድ ሌሊት ልትሞክረው ወጣች። በማግስቱ ስትመለስ የመኝታ ከረጢቷ ርሷል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«አባዬ፣ ውስጡ ረጠበብኝ።»

«ዚፑን ሳትዘጊ ተኝተሽ ነዋ።»

«ዘግቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ዝናቡ ከመሬት ነጥሮ ነው የገባብሽ።»

«አባዬ፣ ማታ እኮ ዝናብ አልነበረም።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረባቸው አይደል? ዝናብ ሳይኖር የረጠበ ድንኳን! ጋሽ ወንድይፍራው ግን ድንኳኑን ይዘው ግቢ ወጡ፣ ጎማውን ከፈቱ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ። ስፌቱን ወደ ፀሐይ አንስተው ዓይናቸውን አጨንቁረው ፈተሹ። ቀዳዳ የለም። «የኔ ስፌት አያፈስም!» አሉ። ልጃቸው ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ እየተንቀጠቀጠች ታያቸዋለች። እሳቸው የሚያዩት ስፌቱን ነው።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚያ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ርሶ ያደረ ሰው ላይነጋለት ይችላል። ይኼን ልተወውና የፕላስቲክ ሸራ ይዤ ልሂድ።»

«እኔን አታምኚኝም ማለት ነው?»

«አምንሃለሁ። ግን አንተ እኮ አንድም ሌሊት አልተኛህበትም።»

ይህች ቃል ወጋቻቸው። ሱቃቸው ገቡ፤ መኪናውን ቢረግጡት ክሩ ይበጠሳል፣ መርፌው ይሰበራል። አመሻሹ ላይ ድንኳኑን አንስተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጡ። ልባቸው ተሰብሮ የወጡ እንዳይመስላችሁ። ልክ መሆናቸውን ሊያሳዩ ነው የወጡት።

ሊነጋጋ ሲል ግንባራቸው ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ዚፑን ከፍተው ወደ ውጭ አዩ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጣራውን ቢዳስሱት እጃቸው ራሰ። በእግራቸው በኩል ብዙም አልረጠበም፤ ከፊታቸው በላይ ግን ይንጠባጠባል። ጉዱን ደህና አድርገው ሊያዩ መነጽራቸውን አነሡ። እንደ ልማዳቸው ወደ አፋቸው አስጠጉና «ሃ» አሉበት። መስታወቱ በጥቃቅን ጠብታ ተሸፈነ። ሊወለውሉት ሸሚዛቸውን የያዘው እጃቸው እዚያው ቀረ።

ሠላሳ ዓመት፣ በቀን ሃያ ጊዜ ያዩትን ነገር፣ ያን ቀን ገና አዩት።

ውሃው ከውጭ አልገባም፤ ስፌታቸውም አላፈሰሰም። ዛሬ የራሳቸው፣ ትናንት የልጃቸው የገዛ ትንፋሽ ነው። መውጫ አጣ፣ ጣራው ላይ ቀዘቀዘ፣ ተመልሶ በላይዋ ወረደ። መውጫውን ማን ደፈነው? አባቷ። በድርብ ስፌት።

ጋሽ ወንድይፍራው እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ሳይቆዩ ወደ ቤት ወረዱ። ትርሲት ሻይ ጥዳ አገኟት።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሏት። «ነግረሽኝ አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ምላጭ አንስተው ያን የሚኮሩበትን ድርብ ስፌት ፈቱት። እሳቸው ሲፈቱ እሷ ክሩን ትለቅማለች። የደፈኑበትን ጨርቅ ገንጥለው ከጣሉ በኋላ ትርሲት ፈገግ ብላ፣ «ታዲያ አባዬ፣ ንፋስ ቢመታኝስ?» አለቻቸው። ካፈሰሱት እንባ በላይ ሳቁ። ልጅቷም ድንኳኗን ይዛ ወጣች፤ በአሥራ ሦስተኛው ቀን በደህና ገባች።

ወገኖቼ፣ እኛ ጎማ እንወዳለን። ቤታችንን የምንፈትሸው በጎማ ነው። ከውጭ ምን ገባብን? ማን ነካን? ዘመኑ አበላሸን ወይ? ጎረቤቱ ጎዳን ወይ? አንዲት ጠብታ ስታልፍ ካላየን እጃችንን ዘርግተን እንወጣለን፤ ሰውም ያጨበጭብልናል። ውስጥ የሚያድረው ሰው ግን ርሶ ነው የሚያድረው።

እናንተ አባቶች፣ ቤታችሁ ውስጥ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ይህ ጥሩ ነው። ግን ልጃችሁ የሆዷን የምታወጣበት መዳፍ የምታህል መስኮት አላት? እናንተ እናቶች፣ «ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» ብላችሁ ስንት ነገር ደፍናችኋል? ወጣቶችስ ብትሆኑ፣ ለማንም ያልነገራችሁት፣ ሌሊት ሌሊት ተመልሶ በራሳችሁ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር የለም?

ከፍቅር ነው የዘጋነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ፍቅራችሁን አልጠራጠርም፤ ጋሽ ወንድይፍራውም ይወዷት ነበር። ይህን ስናገር ባለቤቴ ከሦስተኛው ወንበር ላይ ሆና በዓይኗ እየወጋችኝ ነው። እኔም ጎማ ይዤ ግቢ የወጣሁበት ቀን አለ፤ እሷ ታውቀዋለች።

ከባዱ ነገር ምን መሰላችሁ? ጋሽ ወንድይፍራው የፈቱት የሰው ስፌት አይደለም፤ የገዛ እጃቸውን ሥራ ነው። ደግሞ ከሥራቸው ሁሉ ያማረውን! እግዚአብሔር ይህን አቅም ካልሰጠን ከየት እናመጣዋለን? ዛሬ አብረን የምንለምነው እሱን ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ሰው «ረጠበብኝ» ብሏችኋል። በቃል ባይልም በፊቱ ብሏችኋል። ማን እንደሆነ አሁን ትዝ ብሏችኋል። ምን ብላችሁ መለሳችሁለት? «ዚፑን ሳትዘጊ ነዋ» አላችሁ?

እንግዲህ ወደ ቤት ስትመለሱ ጎማውን ተዉት። ያ ሰው በሚተኛበት ገብታችሁ አንድ ሌሊት እደሩ።