ወይኒቱ ሹሩባ የፈለገች ዕለት

ትንፋሽ ያላችሁ ቅረቡ፤ የሌላችሁም ቅረቡና መሀል ላይ ታርፋላችሁ። ይህ ተረት ጭራው ረጅም ነው፤ በሄደ ቁጥርም ይረዝማል።

ከተማ ዳር አንድ ግቢ ነበረ፤ አሳዳጊ ያጡ ልጃገረዶች አብረው የሚያድጉበት። እዚያ ወይኒቱ የምትባል ልጅ ነበረች። አንድ እሑድ ወይኒቱ አንዲት ትንሽ ነገር አማራት፤ ሹሩባ።

ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። ያን ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሟ ኪሩቤል ሊጠይቃት ይመጣል። እሱ የሚያድገው ከተማው ማዶ፣ በወንዶቹ ግቢ ነው። ከተለያዩ ሁለት ክረምት አልፏል። ያኔ ወይኒቱ ሹሩባ ነበራት። እዚህ ስትገባ ፀጉሯ ተላጨ፤ አሁን አድጎ በየአቅጣጫው ቆሟል። "እንዲህ ሆኜ ካየኝ አያውቀኝም" ብላ ሆዷ ባባ። ደግነቱ ግቢው ደንብ አለው፤ እንግዳ ያለባትን ልጅ ሁሉም ተረባርቦ ያስውባታል። አንዷ ቀሚስ ታውሳታለች፣ አንዷ ጫማ፤ ሹሩባው የአጸደ ድርሻ ነው።

ቀሚሱ መጣ። ጫማውም መጣ፤ ሰፋ እንጂ መጣ። ወይኒቱ እየዘለለች ወደ አጸደ ሄደች።

"አጹዬ፣ ሹሩባ ሥሪኝ።"

አጸደ የልጆቹ ሁሉ ታላቅ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነው። "አንሶላው ሳይለቀለቅ አልሠራሽም። ውሃ ደግሞ የለም። ሂጂና ጋሽ ሞላን ፓምፑን ይግፉልን በያቸው።"

ወይኒቱ ወደ በሩ ሮጠች። "ጋሽ ሞላ፣ ፓምፑን ይግፉልን። ውሃው አልመጣም አለ፤ አንሶላው አልጠራም አለ፤ አጸደ ሹሩባዬን አልሠራም አለች።"

ጋሽ ሞላ ዘበኛው ናቸው። የጉድጓዱን ፓምፕ ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይነካው ተከልክሏል፤ እሳቸውም ይህን ክብራቸውን ያውቁታል። ሆዳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"ባዶ ሆዴን ፓምፕ አልገፋም፣ የኔ ልጅ። በቅድሚያ ምሳዬ ይምጣ።"

ወይኒቱ ወደ ማዕድ ቤት ከነፈች፤ አንዱ ጫማ መንገድ ላይ ቀረ፤ ተመልሳ አነሳችው። "እትዬ ጌጤ፣ ለጋሽ ሞላ ምሳ ይስጡልኝ። ጋሽ ሞላ ፓምፑን አልገፋም አሉ፤ ውሃው አልመጣም አለ፤ አንሶላው አልጠራም አለ፤ አጸደ ሹሩባዬን አልሠራም አለች።"

እትዬ ጌጤ ወጡን ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። "ጨው የሌለው ወጥ አውጥቼ ስሜን ላስጠፋ? ጨዉ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። ቁልፉ እማማ ሩት ጋ ነው።"

ወይኒቱ ወደ መኝታ ክፍሉ በረረች። "እማማ ሩት፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ጨዉ አልወጣም አለ፤ ወጡ አልጣፍጥም አለ፤ ጋሽ ሞላ ፓምፑን አልገፋም አሉ፤ ውሃው አልመጣም አለ፤ አንሶላው አልጠራም አለ፤ አጸደ ሹሩባዬን አልሠራም አለች።"

ሞግዚቷ እማማ ሩት ምንጣፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው አልጋ ሥር እያዩ ነበር። "ቁልፉማ ያውና" አሉ። አልጋው ሥር የግቢው ትንሿ ልጅ ሚጡ ቁልፉን በጡጫዋ ጨብጣ ተቀምጣለች። "ከረሜላ አልኳት፣ እምቢ። ቁጣ ሞከርኩ፣ እምቢ። እስቲ አንቺ ሞክሪያት።"

ወይኒቱ ቀሚሱ እንዳይቆሽሽ ሰብስባ ተንበረከከች። "ሚጡዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ። ዕቃ ቤቱ አልከፈትም አለ፤ ጨዉ አልወጣም አለ፤ ወጡ አልጣፍጥም አለ፤ ጋሽ ሞላ ፓምፑን አልገፋም አሉ፤ ውሃው አልመጣም አለ፤ አንሶላው አልጠራም አለ፤ አጸደ ሹሩባዬን አልሠራም አለች። ወንድሜ ሊመጣ ነው።"

ሚጡ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማች። ከዚያ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊቷን ብድግ አደረገች፤ ጥቁር የሱፍ ፀጉር አላት። "ልጄ ሹሩባ ትፈልጋለች። አጸደ ትሥራላት።"

ወይኒቱ ክው አለች። አጸደማ ውሃ ትላለች፣ ውሃው ጋሽ ሞላን፣ ጋሽ ሞላ ወጡን፣ ወጡ ጨዉን፣ ጨዉ ቁልፉን፣ ቁልፉ ሚጡን፣ ሚጡ አጸደን። እንዲህ ሲዞር ይመሻል። እንባዋ ሊመጣ ሲል ግን አንድ ሐሳብ መጣላት።

"እኔ ብሠራላትስ?"

"ትችያለሽ?"

አትችልም። በሕይወቷ የሰው ፀጉር ሠርታ አታውቅም፤ ተሠርቶላት እንጂ። ቢሆንም አልጋው ሥር ገባች። ሱፉን ለሦስት ከፈለች፤ አንዱን በሌላው ላይ አሳለፈች። የመጀመሪያው ጉንጉን ተፈታ። ሁለተኛው ጠመመ። ሦስተኛው ትንሽ ሹሩባ ሹሩባ መሰለ። ሚጡ አሻንጉሊቷን አገላብጣ አየች፤ ጡጫዋንም ፈታች።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው? ሚጡ ቁልፉን ሰጠች፤ ቁልፉ ዕቃ ቤቱን ከፈተ፤ ጨዉ ወጡ ውስጥ ገባ፤ ወጡ ጣፈጠ፤ ጋሽ ሞላ በልተው ፓምፑን ገፉ፤ ውሃው ተንዶለዶለ፤ አንሶላው ጠራ፤ አጸደ እጇን አደራረቀችና ወይኒቱን ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ሹሩባውን ጀመረች። የመጨረሻው ጫፍ ሲታሰር በሩ ተንኳኳ።

አንዲት ሴት ገባች፤ ከጎኗ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ራሱ የተላጨ ልጅ ቆሟል። ወይኒቱ አሻግራ ከኋላቸው አየች። ማንም የለም። ኪሩቤል ቀረ ብላ ልቧ ስንጥቅ አለ።

"ወይኒ" አለ የተላጨው ልጅ።

እየሮጠ መጥቶ ወገቧ ላይ ተጠመጠመ። ሹሩባውን ቀና ብሎም አላየው።

"አንቺ ጋ ስመጣ እንዳምር ብለው ላጩኝ" አላት ፊቱን ቀሚሷ ውስጥ ደብቆ። "አታውቀኝም ብዬ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።"

ወይኒቱ ያን የተላጨ ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ደጋግማ ሳመችው።

"እንዴት አላውቅህም?" አለችው፤ ትንሽ ዋሽታ።