እንድሪስ፣ የግራር በር የገና ሰንጋ ነጂ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር ከፊሉን ሰምቼዋለሁ፣ ከፊሉን በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ። የሰማሁት ከአማቴ ነው። እሳቸው ደግሞ ነገር መጨመር አያውቁም፤ መቀነስ ነበር የሚወዱት።

ያኔ፣ ጣሊያን ወጥቶ፣ ያፈረሰው ድልድይ ሳይጠገን፣ ግራር በር ከተማ ተብላ ከተማ ሳትመስል፣ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ እንድሪስ ነው። አጭር ነበረ። ቀጭን ነበረ። ከወዴት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ሚስቱን ዘሀራን ይዞ መጣ፤ ከከተማው በታች፣ ከመንገዱ ዳር ጎጆ ቀለሰ፤ ተቀመጠ። ሰው ሲጠራው ይመጣል። ሳይጠሩት አይመጣም።

ግራር በርን ታውቋታላችሁ፤ ከኋላዋ ደጋ፣ ከፊቷ ገደል፣ ከገደሉ በታች ቆላ። ለገና ገበያ ጊዜ በየመንደሩ የሚቀር ሰው አልነበረም። ቅቤው በቅል ይመጣል። ዶሮው እግሩን ታስሮ፣ ተዘቅዝቆ ይመጣል። ጎረምሶች የወይራ ዱላ እያማረጡ ለገና ጨዋታ ይዘጋጃሉ። ሴቶች ከዓረቡ ከሳልህ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ሻሽና መስተዋት ያያሉ። የማይገዛውም ያያል። ማየቱ ራሱ ገና ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ግን ሰንጋው ነው። ያን ሁሉ ጾም በተልባና በሽሮ ከርሞ፣ ቅርጫ የሌለበትን ገና ማን ገና ይለዋል? ደጋው ደግሞ በሬ አያሰባም። ሰንጋ የሚገዛው ቆላ፣ ጉርባ ገበያ ነው። መንገዱ በረሃ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ሽፍታ አለው። የቀድሞው ነጂ አርጅቶ ከቤት ዋለ። ማን ይሂድ ተባለ። የቅርጫው ዳኛ ባላምባራስ ወንድይራድ፣ «እንድሪስ ይሂድ» አሉ።

ሰው አጉረመረመ። «የገናችንን ሰንጋ ለእስላም?» አለ።

ባላምባራስም፣ «በሬው ሃይማኖት የለውም። ነጂው ደግሞ አደራ ያውቃል። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

እንድሪስ ወረደ። ሰንጋዎቹን ገዛ። መሪውን በሬ ቦራ ብሎ ጠራው። በየዓመቱ መሪውን ቦራ ይለው ነበር፤ ጥቁርም ቢሆን ቦራ፣ ቀይም ቢሆን ቦራ። ከኋላ ያለውን ዳማ ይለዋል። ሲነዳም አይማታም። ያዜማል እንጂ።

«ቦራዬ ተራመድ፣ ዳማዬ ቅደመው፣
አደራን መንገድ ላይ ጥሎ የሚያድር ማነው?»

ወንዙ ጋ ሲደርስ ሽፍቶች ወጡበት። ደበደቡት። ሰንጋዎቹን ነዱና ሄዱ። እንድሪስ ደሙን ጠረገና ተነሣ። ተከተላቸው። ድንጋይ ወረወሩበት፤ ቁጭ አለ። ሲሄዱ ተነሣ፤ ተከተላቸው። ከራሱ በላይ ጥይት ተኮሱ፤ ቁጭ አለ። ሲሄዱ ተነሣ፤ ተከተላቸው። መሸ፣ ነጋ፤ አሁንም ተከተላቸው።

ሰንጋዎቹም እምቢ አሉ። ቦራ ተኛ። ቦራ ሲተኛ ሌሎቹም ተኙ። ሽፍቶቹ በሰደፍ መቱ፣ ጅራት ጠመዘዙ፤ አንድም የሚነሣ ጠፋ። ያኔ እንድሪስ ከሩቅ ሆኖ ዜማውን ጀመረ። ቦራ ጆሮውን አቆመ። ተነሣ። ሁሉም ተነሡ፤ ፊታቸውንም ወደ እሱ አዞሩ።

የሽፍቶቹ አለቃ ይህን አየ። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስደግፎ፣ «ና ወዲህ!» አለው።

እንድሪስ መጣ።

«አንተ እስላም አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ገና ምንህ ነው? ሥጋውን እንደሆነ አትቀምሰው። ለማታከብረው በዓል ልትሞት ነው?»

እንድሪስም፣ «በዓሉ የነሱ ነው። አደራው የኔ ነው» አለው።

ሽፍታው ጠመንጃውን አነገተ። እሱም የእናት ልጅ ነው፤ ከናቱ ቤት ገናን ካከበረ ዘመን አልፎታል። ከዚያ፣ «ንዳቸው» አለ። ሰዎቹን ይዞ፣ መንገዱ ከዱር እስኪወጣ ድረስ ከኋላ ሆኖ ሸኘው። ሽፍታ ሰው ሲሸኝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰንጋዎቹ ግራር በር ደረሱ። ባላምባራስ የእንድሪስን ግንባር አይተው፣ «ምን ነካህ?» አሉት። «ወድቄ ነው፣ ጌታዬ» አለ። ከብቱን አስረከበ፣ እግሩን ታጠበ፣ ወደ ጎጆው ወረደ። ነገሩን ያወቅነው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከነዚያ ሽፍቶች አንዱ ምሕረት ተደርጎለት ገብቶ፣ ከጠላ ቤት ተቀምጦ እያለቀሰ ሲያወራ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነጂ የፈለገ የለም። ገና በመጣ ቁጥር እንድሪስ ይወርዳል፤ እንድሪስ ይመጣል። ከብቱን ያስረክባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ወደ ጎጆው ይወርዳል።

አንድ ዓመት ደግሞ በታኅሣሥ ዝናብ ወረደ። በታኅሣሥ! ያልታየ ዝናብ ነው። ቆላውን ከደጋው የሚያገናኘው ትልቁ ዳገት ጭቃ ሆነ። በዚያ ዓመት የገናው ዕቃ ሁሉ በካሚዮን ተጭኖ ነበር የሚመጣው። የሳልህ አቡጀዲ እዚያ ላይ ነው፤ የልጆች ከረሜላ እዚያ ላይ ነው፤ ላምባው፣ ስኳሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ሳይቀር እዚያ ላይ ነው። ካሚዮኑ ከዳገቱ ሥር ሲደርስ ጎማው እስከ ወገቡ ሰጠመ። ሾፌሩ ቆፈረ፣ ድንጋይ ደለደለ፣ ቅጠል ጎዘጎዘ። አልሆነለትም። በመጨረሻ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ተቀመጠ።

ላይ፣ ከተማው ውስጥ፣ ገበያው ቆሟል። ሰው ከየአገሩ መጥቷል። የሚሸጥ ግን የለም። ሳልህ ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ጢሙን ይጎትታል። ልጆች ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው ወደ ታች ያያሉ፤ ጉሙ ሸፍኖት ምንም አይታይም።

እንድሪስ ሰንጋዎቹን ይዞ ከዳገቱ ሥር ደረሰ። ካሚዮኑን አየ። ሾፌሩን አየ። ዳገቱን አየ። ከዚያ እዚያ አካባቢ ካሉ ገበሬዎች ቤት ገብቶ ቀንበርና ጠፍር ለመነ። የቆላ ሰንጋ እኮ ከመስባቱ በፊት ያረሰ ነው፤ ቀንበር አይረሳም። ጥንድ ጥንድ አድርጎ ጠመዳቸው፤ ጠፍሩን ከካሚዮኑ አፍንጫ አሰረ።

ሾፌሩ፣ «አብደሃል እንዴ፣ ወንድሜ?» አለው።

«አንተ ሞተሩን ቀስቅስ» አለው እንድሪስ። «እኔ እነዚህን እቀሰቅሳለሁ።»

ሞተሩ አጓራ። ሰንጋዎቹ ደነገጡ። እንድሪስ ግን ዜማውን አወጣ፤ ቦራም ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ገፋ። ካሚዮኑ ተነቃነቀ። ጭቃው እንደ አውሬ አፍ እየጮኸ ለቀቀው። ገበሬዎቹ ከኋላ ይገፋሉ፤ ሰንጋዎቹ ከፊት ያቃስታሉ፤ እንድሪስ መሐል ሆኖ ያዜማል። አንድ መታጠፊያ አለፉ። ሌላ መታጠፊያ አለፉ።

አማቴ እንዲህ ይሉ ነበር፤ «መጀመሪያ የሰማነው ዜማውን ነው። ከጉሙ ውስጥ ይመጣል። ቀጥሎ ቀንድ አየን። ቀንዱ ከምድር የበቀለ ይመስላል። ከቀንዱ ኋላ ያ የብረት ግንባር ብቅ አለ። ሴቶቹ እልል ማለት ጠፍቷቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መምሬ አማተቡ። ሳልህ ጫማውን ጥሎ ሮጠ።» እልልታው የመጣው ኋላ ነው፤ ሲመጣ ግን ገደሉ አስተጋባው።

በዚያ ዓመት ሥጋው ከስቶ ነበር ይባላል፤ የሰንጋዎቹም አንገት ቆስሏል። ቅር ያለው ሰው አልተገኘም። ባላምባራስ እንድሪስን ይፈልጉታል፤ በዚያ ግርግር መሐል የለም። ከብቱን አስረክቦ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ወደ ጎጆው ወርዷል።

አሁን የምነግራችሁን ግን አይቻለሁ። እኔ ያኔ ለጋ ሙሽራ ነበርሁ። ለገና ዋዜማ ከአማቴ ጋር ገበያ ወጥቻለሁ፤ ሻሽ ሊገዙልኝ ነው። ፀሐይዋ ገና ዘቅዘቅ አላለችም። ገበያው እንደ ንብ ይተማል። በድንገት ከገደሉ አፋፍ በኩል ያሉት ሰዎች ዝም አሉ። ዝምታው እየሰፋ መጣ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ዞር ብዬ አየሁ።

ሰንጋዎቹ እየመጡ ነው። አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ተሰልፈው፣ ቀስ ብለው። ከፊት ቦራ አለ። የእንድሪስ የውሃ ቅል ከቀንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላቸው ግን ሰው የለም። ዜማም የለም። ገበያውን ሁለት ላይ ከፈሉት፤ ሰው ግራና ቀኝ ሸሸላቸው። ከባላምባራስ ደጅ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይመጣል፤ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው» አለ አንዱ። ጠበቅን። አልመጣም። ባላምባራስ ዱላቸውን አንሥተው ወረዱ። ወንዱ ተከተለ። እኛም ሴቶቹ ተከተልን፤ የሸመትነውን እዚያው ጥለን።

ከትልቁ ዳገት ሥር፣ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ ላይ፣ ወደ ከተማው ነው። የቆላ ንዳድ ነው የገደለው። እዚያ አጠገብ የምትኖር አንዲት ገበሬ ቆማ ታለቅሳለች።

«ትኩሳቱ ወደዚህ ሲመጣም ይዞት ነበር» አለችን። «እዚህ ሲደርስ እግሩ ከዳው። ግባና ውሃ ልስጥህ፣ ረፍ አልሁት። ከብቱ ከመሸበት ጅብ ይበላዋል አለኝ። ቅሉን ከበሬው ቀንድ ላይ ሰቀለና፣ ሂድ አለው። በሬው እምቢ አለ። ያኔ እዚህ ተቀምጦ ማዜም ጀመረ። ሲያዜም ሄዱ። ትንፋሽ አጥሮት ሲያቆም ይቆማሉ። እንደገና ሲጀምር ይሄዳሉ። እስከ መጨረሻው መታጠፊያ እንዲህ አደረሳቸው። አፋፉ ላይ ሲወጡ ቦራ ዞር ብሎ አየው። እሱም እጁን እንዲህ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።»

ባላምባራስ ወንድይራድ፣ ጣሊያን ያላስለቀሳቸው ሰውዬ፣ መሬት ላይ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ።

ተሸክመን አወጣነው። ክርስቲያኑ ከእስላሙ ጋር እየተቀባበለ ተሸከመው። መቃብሩንም አብረው ቆፈሩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሃይማኖቱ ሥርዓት ተቀበረ። በሕይወቱ «አንተ» ስንለው የኖርነው ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ አንቱ ሆነ፤ ታሪኩን ስነግራችሁ ነው በድሮው አፍ «እሱ» የምለው። ለካ ሰው እንዲህም ይከብራል።

ቅዳሴ ወጥተን ነጋ። ገና ነው፤ የጾም ፍቺ ነው። ከየትኛውም ቤት ቢላ ሲሳል አልተሰማም። ልጅ የገና ዱላ ይዞ አልወጣም። ሰው ሲገናኝ እንኳን አደረሰህ ለማለት አፉን ይከፍትና ይተወዋል። ማን ደፍሮ ይበል? ባላምባራስ ሽማግሌዎቹን ይዘው ወደ ዘሀራ ጎጆ ወረዱ። እኔ ከቅዳሴ እንደወጣሁ መጥቼ ከሷ ጋር ነበርሁ፤ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ቆሙ። ዘሀራ ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል።

«አባቴ» አለች ባላምባራስን፤ «ከብቶቹ ደረሱ ወይ?»

«ደረሱ፣ ልጄ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንድም አልጎደለ።»

ዘሀራ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣች። «እንግዲያው አድርሷል» አለች። «እንኳን አደረሳችሁ።»

እንዲህ አለቻቸው። የባሏ አፈር ሳይደርቅ፣ የሷ ባልሆነ በዓል፣ የደስታውን ቃል እሷ ሰጠቻቸው። የጎጆው ምሰሶ ሲንቀሳቀስ ያየሁ መሰለኝ። ባላምባራስ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያም፣ «አድራሹን ይማር» አሉ። የቆሙት ሁሉ ተቀበሉ፤ «አድራሹን ይማር።» ከደጅ የቆመውም ሕዝብ ተቀበለ።

ቦራ አልታረደም። ዘሀራ ደጅ ታሰረ፤ አርጅቶ እስኪሞት የሷ ነበር። ሌሎቹ በሦስተኛው ቀን ታረዱ፤ እሷው ልካ፣ «ሰው የሞተበት ከብት እንዲያው ይቁም እንዴ? ብሉ እንጂ!» ስላለች።

ከዚያ ወዲህ በግራር በር እንዲህ ነው። በገና ማለዳ፣ በፋሲካም፣ በአረፋም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባል፣ እንደ ሌላው አገር «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ አይመልስም። «አድራሹን ይማር» ይላል። እናንተም ትላላችሁ፤ አፋችሁ ስለለመደ።

ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይገርመዋል። አንዳንዱም ይቆጣል። «የሚያደርስ እግዚአብሔር አይደለም ወይ? እግዚአብሔርን ማን ይምረዋል?» ይለናል። እኛም አንከራከርም። እንደዚህ ጠጋ በል እንለዋለን፤ ይህንኑ እንነግረዋለን። ሰምቶ ሲያበቃ እሱም ያንኑ ቃል ሳይል የተነሣ እንግዳ፣ በኔ ዕድሜ አላየሁም።