የታሸገው የእመት በቅሊት ቤት

ኑ ተጠጉ። እናንተ ከኋላ ያላችሁም ተጠጉ። የዛሬው ተረቴ የሚያስቅ አይደለም፤ መሳቅ ያማረው ሌላ ቤት ይሂድ። «ይሁን፣ አንተ ብቻ አውራ» በሉኝና ልጀምር። አላችሁ? እሺ።

ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳው ሁሉ ቤት ሠርቶ በሚኖርበት፣ የቤት ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት በቅሊት የምትባል አንዲት በቅሎ ነበረች። ሥራ አይደክማትም። ድንጋይ ተሸክማ፣ ጭቃ ረግጣ፣ ሣር ከድና ቤት ሠራች። ለቤቷም ወፍራም የወይራ በር አቆመች። አጠገቡ ጎተራ ተከለች፤ ጎተራውንም ገብስ ሞላችው። ሁሉ ነገር ነበራት። ልጅ ብቻ አልነበራትም፤ በቅሎ አትወልድምና።

ዘመድም ነበራት፣ ዘመድ ከተባለ። እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ ነበሩ። የእናቷ ወንድም አያ ፈረስ መንገድ ላይ ሲያገኛት «ይቺ የአህያ ልጅ» ብሎ ፊቱን ያዞርባታል። የአባቷ ወንድም አያ አህያ ደግሞ «ይቺ ፈረስ ነኝ ባይ» እያለ ያማታል። ስትታመም አልጠየቋትም። ጎርፍ አጥሯን ሲወስደው አንድ እንጨት እንኳ አላቀበሏትም።

አንድ ቀን ነብር አንዲት ፍየል በላ። ፍየሏ ግልገል ነበራት። እመት በቅሊት ግልገሏን ቁጥቋጦ ሥር ስትንቀጠቀጥ አገኘቻትና ወደ ቤቷ አስገባቻት። «ከእናትሽ የተረፍሽው አንቺ ነሽ» ብላ ትርፌ አለቻት። ትርፌም ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አለቻት።

በዚያ አገር አንድ ወግ ነበረ። ያልወለደ፣ የሌላውን ልጅ ልጄ ብሎ ሊያሳድግ ሲፈልግ ጎረቤት ይጠራል። ጣት ያለው ጣቱን፣ ሰኮና ያለው ሰኮናውን ማር ነክሮ፣ ጎረቤት እያየ ልጁን ያስጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ የጡት ልጅ ይባላል። እንደ አብራክ ክፋይ ይወርሳል፤ ከቤቱም ማንም አያስወጣውም።

እመት በቅሊት ማሩን አዘጋጀች። ጎረቤት መጥራቱን ግን አፈረች።

«በቅሎ ወለደች ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል» አለች። «ፈረስ ይስቃል፤ አህያ ይስቃል፤ አገሩ ሁሉ ይስቃል። እኔና አንቺ ካወቅን አይበቃም ወይ?»

በሩን ዘጋች። ሰኮናዋን ከማሰሮው ነከረች። ትርፌም ላሰች። ያዩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ማሰሮው፣ ምሰሶውና በሩ። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። አንዲት ጎረቤት ብትጠራ ምን ነበረበት? ይሳቁ! ስቀው ስቀው ሲደክማቸው ይተዉት አልነበር?

ክረምት ሊገባ ሲል እመት በቅሊት ታመመች፤ ሞተች። ትርፌ ገና ቀንድ እንኳ አላበቀለችም ነበር።

ቀብሩ ላይ አያ ፈረስ ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። አያ አህያ ደግሞ እንዳይበለጥ መሬት ላይ ተንከባለለ። ትርፌ ድምፅ አላሰማችም፤ መቃብሩ አጠገብ ቆማ ታይ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ፈረስንና አህያን አጽናና። እሷን ያየ የለም።

ለቅሶው ሲያበቃ ሁለቱ ዘመዶች ተያያዙ።

«የእኅቴ ልጅ ናት፤ ቤቱ የኔ ነው!» አለ አያ ፈረስ።

«የወንድሜ ልጅ ናት፤ ቤቱ የኔ ነው!» አለ አያ አህያ።

«የኔ እናት ናት» አለች ትርፌ። ሁለቱም ዘወር ብለው አዩዋት።

ነገሩ በዚህ ስላልተቋጨ ውርስ አጣሪ ተጠራ። ውርስ አጣሪው አባ ጉሬዛ ነበር። ጉሬዛ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሶ ነው የሚወለደው። ያገሩ እንስሳ ካባውን አይቶ «ይሄ ዳኛ መሆን አለበት» አለ፤ እሱም አመነ። ክፉ አልነበረም። ሥርዓት ይወድ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ሥርዓት ይወድ ነበር።

አባ ጉሬዛ መጣና መጀመሪያ ጭቃ አስረገጠ። ማሰሮውን፣ ትርፌ ምስክሬ ነው ስላለች፣ ደጅ አስወጣ። በሩን ዘጋ፤ ጠርዙን በጭቃ መረገ፤ በጭቃው ላይ መዳፉን አተመበት። ጎተራውንም እንዲሁ አደረገ።

«ውርሱ እስኪጣራ ማንም አይገባም፤ ምንም አይነካም» አለ።

«አባ፣ እኔ የት ልደር?» አለች ትርፌ።

«ከጣራው ክፈፍ ሥር እደሪ። ክፈፉን አላሸግሁትም።»

«ነብሩ በዚህ ያልፋል፣ አባ። እናቴን የበላው ነብር።»

«ልጄ፣ ማኅተም ከተነሣ ሥርዓት ፈረሰ ማለት ነው። ሥርዓት ከፈረሰ ደግሞ ላንቺም አይበጅም። ያንቺ ነገር ቀላል ነው። የጡት ልጅ ነኝ ካልሽ ያየ ምስክር አምጪ፤ ሦስት ምስክር። በየገበያው ቀን አንድ አንድ እሰማለሁ። ቤቱ ያንቺ ከሆነ ማን ይወስድብሻል?»

እንዲህ አለና ለራሱ የጎተራውን ማኅተም አንሥቶ አንድ ቁና ገብስ ቀዳ። «የአጣሪ ቀለብ ነው፤ ይሄም ሥርዓት ነው» አለና መልሶ አተመው።

የመጀመሪያው ገበያ ቀን ደረሰ። ማሰሮው ተጠራ።

«አንተ ማሰሮ፣ እመት በቅሊት ይቺን ግልገል ማር ስታስጠባ አይተሃል?»

ማሰሮው አፉን ሊከፍት ሲል አያ ፈረስ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። አንድ እግሩን አነሣ። መልሶ አኖረው።

«ማርስ ነበረብኝ» አለ ማሰሮው። «ማን እንደላሰው ግን... አፌ ወደ ላይ ነው፤ የማየው ጣራ ብቻ ነው። አላየሁም።»

«ማሰሮዬ!» አለች ትርፌ። «ጠብታ ሲፈስብህ ጎንህን የላስሁልህ እኔ አይደለሁም?»

አባ ጉሬዛ ገብሱን ቀድቶ ቀጠሮ ሰጠ።

ዝናቡ ጀመረ። ትርፌ ከክፈፉ ሥር ተጠግታ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ታድራለች። ጠዋት ስትነሣ ጭቃው ላይ የነብር ዱካ ታያለች። መጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ ነበር። ኋላ ከአጥሩ ውስጥ ሆነ።

ሁለተኛው ገበያ ቀን ደረሰ። ምሰሶው ተጠራ። ቤቱ እሽግ ስለሆነ በግድግዳው ስንጥቅ ነው የጠየቁት።

«አንተ ምሰሶ፣ እመት በቅሊት ይቺን ግልገል ማር ስታስጠባ አይተሃል?»

አያ አህያ ፈጠን ብሎ አፉን ወደ ስንጥቁ አስጠጋ። «ቤቱ የኔ ከሆነ እኔ አሮጌ ምሰሶ አልነቅልም» አለ። «ሌላው ቢሆን ግን እንጃ።»



«እኔ ጣራ ተሸክሜ ነው የምኖረው» አለ ምሰሶው። «ሐሳቤ ሁሉ ጣራው ላይ ነው። ረሳሁት።»

«አባባ ምሰሶ» አለች ትርፌ፣ «እርስዎን እየተደገፍሁ አይደል መቆም የተማርሁት?»

«ረሳሁት አልሁ እኮ፣ ልጄ» አለ ምሰሶው።

አባ ጉሬዛ ገብሱን ቀዳ። ቀጠሮ ሰጠ። ትርፌ ካባውን በአፏ ጎተተችው።

«አባ፣ ዱካው ዛሬ ደጃፉ ላይ ነበር። መጥተው ይዩት።»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬን ብቻ ከውስጥ ልደር። ምንም አልነካም። ቆሜ አድራለሁ።»

«አንድ ቀጠሮ ቀረሽ» አለ አባ ጉሬዛ። አዘነላት፤ እውነቱን ነው፣ አዘነላት። «ዛሬ ማኅተሙን ባነሣልሽ ነገ ፈረስና አህያ ‹አዳላ› ብለው ውርስሽን ያስፈርሱብሻል። ላንቺው ብዬ ነው። ታገሺ።»

ወደ አያ ፈረስ ቤት ሄደች፤ «የምትከሰኝን አላሳድርም» አላት። ወደ አያ አህያ ቤት ሄደች፤ እሱም እንዲሁ አላት። ተመልሳ ከክፈፏ ሥር ተኛች።

ሦስተኛው ገበያ ቀን ደረሰ። እንስሳው ሁሉ ከደጃፉ ተሰበሰበ። አያ ፈረስ ጋማውን አበጥሮ መጣ። አያ አህያ አዲስ ኮርቻ ጭኖ መጣ። ትርፌ አልነበረችም።

«ልጅ ናት፣ አርፍዳ ይሆናል» አለ አባ ጉሬዛ። «ምስክሩን እንስማ። አንተ በር፣ ተናገር።»

«ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አለኝ፣ አባ...» አለ በሩ።

«የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ። እመት በቅሊት ይቺን ግልገል ማር ስታስጠባ አይተሃል?»

«ግን አባ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ...»

«የተጠየቅኸውን ብቻ!»

በሩ ተነፈሰ። ጭቃው ተሰነጣጠቀ።

«አይቻለሁ» አለ። «የተዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ከውስጥ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ። እመት በቅሊት ሰኮናዋን ማር ነክራ አስጠባቻት። ‹ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ› አለቻት። በእግዜር ስም እመሰክራለሁ።»

ይህን ጊዜ ማሰሮው ካለበት ጮኸ። «እኔም አይቻለሁ! ዋሽቼ ነው! ሰኮናዋ ገብቶብኝ እንዴት አላይም?»

ከግድግዳው ስንጥቅ ምሰሶው አለቀሰ። «እኔም አልረሳሁም። አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁም። ቢነቅሉኝም ይንቀሉኝ።»

እንስሳው ሁሉ ተደነቀ። አያ ፈረስ እግሩን ቢያነሣ ማሰሮው አልፈራም። አያ አህያ ወደ ስንጥቁ ቢጠጋ ምሰሶው አልሰማውም። «ምን አደፋፈራቸው?» ብሎ ተጠያየቀ።

አባ ጉሬዛ ተነሥቶ ቆመ፤ ካባውን አስተካከለ። ደስ ብሎታል። ሥርዓቱ ሠርቷል።

«ሦስት ምስክር በአንድ ቃል መሰከረ» አለ። «ትርፌ የእመት በቅሊት የጡት ልጅ ናት። ቤቱ የሷ ነው፤ ጎተራው የሷ ነው። ፈረስም አህያም ድርሻ የላችሁም።» ጭቃውን በእጁ ገፈፈ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ትርፌ! ነይ፣ ቤትሽ ግቢ!»

መልስ የለም።

«ትርፌ!»

መልስ የለም።

«ትርፌ!»

«አባ» አለ በሩ፣ «አሁን ልናገር?»

አባ ጉሬዛ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«ጎህ ሲቀድ ነብሩ መጣ። በቀንዷ አልልህም፣ ቀንድ የላትም፤ በግንባሯ መታችኝ። ‹አያ በር፣ ክፈትልኝ› አለችኝ። ‹እሽግ ነኝ፣ ማኅተሙ ይፈርሳል› አልኋት። እንደገና መታችኝ። ‹አያ በር፣ መጣብኝ› አለችኝ። ‹ዛሬ እኮ ቀጠሮሽ ነው፣ ትንሽ ታገሺ› አልኋት። ሦስተኛ ጊዜ መታችኝ። ያን ጊዜ ምንም አላለችኝም። ብገፋው ኖሮ የሚፈርስ ጭቃ ነበር፣ አባ። እርጥብ ጭቃ ነበር።»

ማሰሮው ከደጅ ሆኖ አይቶ ነበር። ምሰሶው ከውስጥ ሆኖ ሰምቶ ነበር። ለካ የደፈሩት ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ወደ መሬት አየ፤ መሬቱም ላይ የሚታየው ታየ። ኋላ ግን አያ ፈረስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ» አለ፣ «የእመት በቅሊት ውርስ ለትርፌ ከሆነ፣ ትርፌም ከሞተች፣ የትርፌ ውርስ ደግሞ... እኔ ለእናቷ አጎት ነኝ።»

«እኔም አጎት ነኝ!» አለ አያ አህያ።

አባ ጉሬዛ ሁለቱን አያቸው። የተከፈተውን በር አየው። መዳፉን አየው። ምን ሊል እንደነበር አላውቅም፤ ያለው ግን ይህን ነው።

«ምስክር አላችሁ?» አለ።

በቃ፣ ተረቱ ይኸው ነው። አልነገርኋችሁም የሚያስቅ አይደለም ብዬ? እንግዲህ ወደየቤታችሁ ስትገቡ ይህን ያዙ። ልጄ የምትሉት ካለ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚስቅባችሁም እያየ፣ ልጄ በሉት። ለአንድ ምስኪን የምትመሰክሩለት እውነት ካላችሁም፣ ምስኪኑ ቆሞ እየሰማ ተናገሩ። ከሄደ በኋላ የሚጮኽ እውነት ለራሱ ነው የሚያለቅሰው፤ ለሟች አይደርስም።