አሚን ያላሉት ሸህ

ስሟን ብጠራው የሚያፍሩ ሰዎች ስላሉ ልተወውና፣ ግንቧ በፈራረሰ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸህ ኑርዬ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ዱዓቸው መሬት ጠብ አይልም ይባል ስለነበር ዝናብ የጠፋበትም ልጅ የታመመበትም ደጃቸውን ይጠናል።

በዚያው ሰፈር ጦይባ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ልጇ ሱፍያን ከተወለደ ጀምሮ አንገቱን አያቀናም፣ አይናገርም፣ ካላጎረሱት አይበላም። አባቱ ይህን ሲያይ ጥሏቸው ጠፋ። ጎረቤቱ ግን ደግ ነበር፤ በምላሱ። በደጇ ባለፈ ቁጥር «ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ፤ አጅሩ፣ ምንዳው ብዙ ነው» ይላትና መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ቀን እንኳ ልጁን ተቀብሎ የያዘላት አልነበረም። እሷም ልጇን አዝላ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ የሰው ልብስ ታጥባለች። በመጨረሻ ወገቧ አልቃና አላት።

ያኔ የሰፈሩ ጀመዓ ተሰብስቦ መከረ። ምክሩን ስሙልኝ። ልጁን አላህ እንዲወስደው ዱዓ ይደረግ ተባባሉና፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግሯቸው ሸህ ኑርዬን ይዘው ቤቷ ገቡ። እሷም ለዱዓ የመጣ እንግዳ ባዶ አፉን አይቀመጥም ብላ፣ ልጇን እንዳዘለች ንፍሮ ቀቅላ አቀረበች። ምንም ሳያፍሩ በሉ።

የእህል ነጋዴው ቡሽራ እጁን ዘርግቶ ጀመረ።

«ያ ረቢ፣ ይህን ሚስኪን ወደ ራህመትህ ውሰደው። እናቱንም አሳርፋት።»

ሁሉም አሚን አለ። ሸህ ኑርዬ ብቻ አሚን ሳይሉ ወደ ጦይባ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺስ ምን ትለምኛለሽ?»

«ልጄን አይውሰድብኝ፣ አባባ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ጀርባዬ እስኪያርፍ የሚይዝልኝ ሰው ቢገኝ፣ እሱን ነው የምለምነው።»

የሸሁ ፊት ጠቆረ። «እጃችሁን አውርዱ» አሉ።

«ዱዓው ሳይዘጋ?» አለ ቡሽራ።

«እሷ የለመነችው እጅ ነው። እጅ ደግሞ አላህ ሰጥቷችኋል። እሱን ነፍጋችኋት ልጇን እንዲገድልላችሁ ትለምኑታላችሁ? አታፍሩም?»

ተነስተው ልጁን ከጀርባዋ ፈትተው ታቀፉት። ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ሸናባቸው፤ አልመለሱትም። ጦይባን እንድትተኛ አዘዟት፤ መደቡ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

«ከዛሬ ጀምሮ በተራ ትይዙላታላችሁ» አሉ ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ውሃዋን ከውሃችሁ ጋር ቅዱላት፤ ቀለቧም ከዘካው ይምጣ። ይህ እስኪሆን ለሰርጋችሁም ለቀብራችሁም ዱዓ አላደርግም።»

ቡሽራ አጉረመረመ። «ሸሃችን፣ ሶብር ካደረገች እኮ ጀነት አላት።»

ሸህ ኑርዬ ልጁን አስታቀፉትና፣ «ሶብር የታዘዘችው እሷ ናት። አንተ የታዘዝከው እንድታግዛት ነው» አሉት።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ንዴቴን አልደብቅም። እነዚያ ሰዎች ለሱፍያን አዝነው አልነበረም፤ እሱን ማየት ሰልችቷቸው ነበር። እኛስ? የራሳችንን ስንፍና በሌላ ሰው ሶብር ሸፍነን ሰላታችንን እንሰግዳለን። ነገ አላህ ጦይባን ስለ ሶብሯ ቢጠይቃት መልስ አላት። እኛን ስለ ጦይባ ሲጠይቀን ምን ልንል ነው? በሰፈራችሁ ያለችውን ጦይባ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤቷ ግቡ፤ ገብታችሁም አትምከሯት። ልጁን ተቀበሏት።