የእጅ መልስ ምንጭ

ከላይ ቀጋ ወደ ታች ቀጋ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳውን ሊይዝ ሲል፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ትንሽ ምንጭ አለች። ስሟ እጅ መልስ ይባላል። ሙሽራ ይዞ በዚያ የሚያልፍ ሰርገኛ ዝናብ ቢጥልም ቢመሽበትም ከበቅሎ ሳይወርድ አያልፍም። ሙሽራውና ሙሽሪት እጃቸውን ታጥበው ከውኃው ዳር ይቀመጣሉ፤ ሙሽራው እጁን ወደ ጉንጩ ይሰዳል፤ ሙሽሪትም እጁን ቀብ አድርጋ ትይዝና አንድ ነገር ትለዋለች፤ ከዚያ እልልታው ይቀልጥና ጉዞው ይቀጥላል። ይህን ያየ እንግዳ የጠንቋይ ትእዛዝ ይመስለዋል። የቀጋ ሽማግሌዎች ግን ነገሩ ሁሉ የመጣው ከብጉር ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ በላይ ቀጋ ደብሪቱ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞቱባት ያሳደጓት አክስቷ ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው፤ ሙያቸው የተመሰገነ፣ ልባቸው የደግ ልብ፣ እጃቸው ግን ዐርፎ መቀመጥ የማያውቅ ሴት ነበሩ ይባላል። ደብሪቱ ለታች ቀጋው ልጅ ለአድማሱ ታጨችና ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ቀኑ ከተቆረጠ ብዙም ሳይቆይ የልጅቱ ግንባርና ጉንጭ ብጉር በብጉር ሆነ።

ወይዘሮ አትጠገብ መጀመሪያ የተመኩት በቅቤ ነበር። ለጋ ቅቤ የማያለሰልሰው ነገር የለም ብለው አናቷን ደፈኑት፤ ፀሐይ ሲበረታ ቅቤው እየቀለጠ በግንባሯ ወረደ፤ ብጉሩም ባሰበት። ቀጥሎ ሎሚ ተጨመቀና ፊቷ ተቃጠለ። አመድ ተነሰነሰ፣ እሬት ተለቀለቀ፤ ጎረቤቱም የየራሱን መድኃኒት በቅል እየያዘ መጣ፤ ሁሉም ሐኪም ነበር። ልጅቱ ደግሞ በበኩሏ ሰው ዞር ባለላት ቁጥር በጥፍሯ ታፈርጠዋለች፤ የፈረጠውም ቆስሎ ጠባሳ ይተዋል። አክስቷ ግን «ካልደፈረሰ አይጠራም» እያሉ መቀባታቸውን አልተዉም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወሬ እግር ባይኖረውም ቁልቁለት አይቸግረውምና፣ ታች ቀጋ ሲደርስ ብጉሩ ደዌ ሆኖ ተገኘ። የአድማሱ እናት ወይዘሮ ስኂን ነገሩን ሰምተው መልእክት ሰደዱ፤ ሰርጉን እንደማያፈርሱ፣ ነገር ግን ከሁለቱ ቀጋዎች ድንበር ላይ፣ ከሾላው ሥር፣ የልጅቱን ፊት ገልጠው እንደሚያዩ፣ ደዌ ከሆነም ከዚያው እንደምትመለስ ነገሩ። ከድንበር የተመለሰች ሙሽራ ደግሞ በዚያ አገር ሁለተኛ ጠያቂ የላትም። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ምግብ አልወርድ አላት።

አንድ ቀን ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ፊቷን ለማየት ከምንጩ ላይ ጎንበስ አለች። ቅጠል ወድቆበት ስለነበር በእጇ ገፋችው፤ ጭቃው ተነሣ። ጭቃውን ላጥራ ብላ ብታማስለው ጭራሽ ደፈረሰ። ያን ጊዜ ሆድ ባሳት፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ተቀምጣ አለቀሰች። ልቅሶዋ ወጥቶላት ቀና ስትል ውኃው ማንም ሳይነካው ጠርቶ፣ ፊቷ ከነብጉሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። የምታደፈርሰው ራሷ መሆኗ የገባት ያኔ ነው ይላሉ።

እቤት ገብታ እንስራዋን ሳታወርድ፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ፊቴን እርስዎም አይንኩት፣ እኔም አልነካውም» አለቻቸው።

ወይዘሮ አትጠገብ ተቀየሙ። ያሳደገሽ እጅ ዛሬ ቆሻሻ ሆነብሽ ወይ ብለው ቀኑን ሙሉ አኮረፉ። በኋላ ግን ተስማሙ፤ ቅቤው በአናቷ ይሁን፣ ወደ ግንባሯ እንዳይወርድ ግን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይታሰር ተባለ። ደብሪቱም ጠዋትና ማታ መጀመሪያ እጇን፣ ከዚያ ፊቷን በምንጩ ውኃ ትታጠባለች፤ ሳታሽ በንጹሕ ነጠላ ታደርቃለች። ትልቁ መከራ እጅ ነበር፤ ሳይታወቃት እየሾለከ አገጯ ላይ ይገኛል። ስለዚህ እንዝርት አነሣችና ከማለዳ እስከ ምሽት ጥጥ ትፈትል ጀመር። አክስቷ ሎሚ ደብቀው ከኋላዋ ሲመጡ፣ ዞር ሳትል «እጅዎን ይመልሱ» ትላቸዋለች። የገዛ እጇ ሲሾልክም ይህንኑ ትለዋለች። ሴትዮዋ ቀኑ ደረሰ ብለው ሲጨነቁ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ ፈትሏን ትቀጥላለች።

ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ ብጉሩ ከስሞ ነበር፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። አገጯ ላይ ጥቂት ቀርቷል፤ ጉንጯም ላይ ጠባሳው ጠቁሮ ይታያል። ሙሽሮቹ ከሾላው ሥር ሲደርሱ ወይዘሮ ስኂን ቆመው እየጠበቁ ነበር። ደብሪቱን ከበቅሎ አውርደው ከውኃው ዳር አስቀመጧት፤ ሙሽራውም ከጎኗ ተቀመጠ። ዘፈኑ ቆመ።

ወይዘሮ ስኂን ኩታውን ገለጡ።

መንገዱን ሁሉ ተሸፋፍና ስለመጣች፣ ደብሪቱ ባሏን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ግንባሩ በቅቤ ወዝቷል፤ ፊቱ ከእሷ የባሰ ብጉር ነው፤ እሱም በጭንቀት አገጩን በጥፍሩ ይቆፍራል። ሙሽራ በሰርጓ ቀን ቃል መተንፈስ ነውር በነበረበት ዘመን፣ ፍርሃቷንም ነውሩንም ረሳችና እጁን ቀብ አድርጋ ያዘችው።

«እጅህን መልስ» አለችው።

ሰርገኛው ክው አለ። ወይዘሮ አትጠገብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። ወይዘሮ ስኂን አንድ ጊዜ የልጅቱን፣ አንድ ጊዜ የልጃቸውን ፊት አዩ። ክረምት ከበጋ ጓዳቸው ውስጥ በልጃቸው ፊት ላይ ሲቀቡት፣ ሲያጥኑት፣ ሲያሹት የኖሩት ብጉር ያውና፤ እንዲያውም ሊለቅ የተቃረበው የልጅቱ ነው። ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ቅቤ የጠገበ መዳፋቸውን ዘረጉላት።

«ልጄ፣ የኔንም መልሺልኝ» አሉ።

ሁለት እጆች፣ የእናትና የልጅ፣ በዚያ ውኃ ታጠቡ። ደብሪቱም ወደ ኋላ ሳትመለስ ድንበሩን ተሻገረች፤ ምንጯም ከዚያ ወዲህ እጅ መልስ ተባለች ይባላል።

ዛሬም በቀጋ ብጉር የጀመራት ልጅ መጀመሪያ የሚሰጣት እንዝርት ነው፤ እጅ ሥራ ከፈታ ፊት ይቆፍራል ይላሉና። አናቱን ቅቤ የተቀባ ሁሉ ግንባሩን በጥጥ ጨርቅ ያስራል። ከከተማ የሚመጣ ቅባት አሁን በየቤቱ አለ፤ ሆኖም ሰርገኛው ከሾላው ሥር መውረዱን አልተወም። ሙሽራው ፊቱ እንደ ምንጩ የጠራ ቢሆን እንኳ እጁን ወደ ጉንጩ መስደዱ አይቀርም፤ እንድትይዘው።