ብርጭቆ የለካው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ዓሣም ነበረው። አትሳቅ። ርእሰ መምህር ሆነህ ስለ ትምህርት ቤትህ ብትጠይቀኝ ከዓሣ መጀመሬ እንዳላማረህ ፊትህ ይናገራል። «ከየክፍሉ የሚመጣልኝ ሪፖርት ሁሉ መልካም ነው፤ ታዲያ ወላጆች ለምን ልጆቻቸውን ያስወጡብኛል?» ነው ያልኸኝ። ሰምቼሃለሁ። አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ።

ሰውየው በዕውቀቱ የተመሰገነ ነበር። ዓሣዎቹ እንኳ በእውነቱ የእሱ አልነበሩም፤ የሚስቱ አባት ነበሩ ባለቤታቸው። ሽማግሌው አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከልጃቸው ቤት ወንበር ላይ ይውላሉ። ከፊታቸው የመስታወት ገንዳ፣ ከገንዳው ውስጥ ሰባት ዓሣ። ለሰባቱም የሞቱ የሥራ ጓደኞቻቸውን ስም አውጥተውላቸው ጧት ጧት በየስማቸው ሰላም ይሏቸዋል። መልስ ባይመጣም ቅር አይላቸውም፤ ጓደኞቼም በሕይወት ሳሉ ብዙ አይናገሩም ነበር ይላሉ።

ሚስቱ ውቢት ዓሣዎቹን ለባሏ አደራ ሰጠችው፤ አባቷ ሌላ የሚያነጋግሩት የላቸውምና። ሰውየውም ተቀበለ። ዓሣን ለመጠበቅ ዓሣውን ማየት ይበቃል የምትል ከሆነ አልተማርህም ማለት ነው። እሱ የተማረ ነበር። የውኃውን ሙቀት የሚለካ አንድ፣ ኮምጣጣነቱን የሚለካ አንድ፣ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር የሚለካ አንድ፣ ሦስት ሴንሰር ገዛ። ሦስት ወር ሽቦ ሲቀጥልና ሲበይድ ከረመ። ሁሉንም የአውራ ጣት ከምታህል ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በውቢት ምሳ ዕቃ ውስጥ ከደነው። ውቢት ምሳዋን በፌስታል ይዛ ሥራ መሄድ ጀመረች። ውኃው ደህና ሲሆን አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ሲበላሽ ደግሞ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ዓይነት ጩኸት ይጮኻል።

መሣሪያው ሠራ። ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው።

በዚያ ሰፈር ውኃ በፈረቃ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ይመጣል። መሣሪያው ግን ፈረቃ አያውቅም። ሐሙስ ጮኸ፤ ሰውየው እያጉረመረመ ከጀሪካን ቀድቶ የገንዳውን ውኃ ለወጠ፤ ውቢትም ወጡን በምን ልሥራው ብላ አኮረፈች። ቅዳሜ ጮኸ። እሑድ ሲጮኽ ጎረቤትየው መኪና የመጣ መስሎት የግቢውን በር ሊከፍት ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ላይ ጀሪካኑ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ እንደገና ጮኸ። ሰውየው መረረው። መጀመሪያ መሣሪያውን ሰደበ። ቀጥሎ የሠራውን ሰው ሊሰድብ አፉን ከከፈተ በኋላ ማን እንደ ሠራው ትዝ ሲለው ተወው።

ከዚያም ተነሣና ሦስቱን ሴንሰሮች ከገንዳው አወጣ። የታሸገ ውኃ ገዝቶ በብርጭቆ ቀዳ፣ ሴንሰሮቹን ከብርጭቆው ውስጥ ነከረ፣ ብርጭቆውንም ከገንዳው አጠገብ አስቀመጠው። አረንጓዴው በራ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ውቢት ለለቅሶ ወደ ክፍለ ሀገር ልትሄድ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበርና ቆማ አየችው።

«ለዓሣው ያልገዛኸውን ውኃ ለሽቦው ገዛህለት?»

እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው አላት። አደራዋን ደግማ ነግራው ሄደች።

ማክሰኞ ውኃ መጣ። ሰውየው በርሜሉን ሞላ፣ ጀሪካኖቹን ሞላ፣ ሸሚዞቹን አጠበ፣ ደጁን ሳይቀር አጠበ። ገንዳውንና ብርጭቆውን ግን አላስታወሳቸውም፤ የሚጮኽ አልነበረማ።

ሐሙስ ሽማግሌው ጠሩት። ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ አሉት። ሰውየው ወደ መብራቱ አየ።

«አይጨነቁ አባባ፣ ውኃው ደህና ነው። አረንጓዴ ነው።»

«እኔ ስለ መብራት መች አወራሁ? ደርቤ ትንፋሽ አጥሮታል ነው የምልህ።»

ሰውየው በትዕግሥት ስልኩን አውጥቶ መሣሪያው የላከለትን የሳምንቱን የልኬት መስመር አሳያቸው። እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር መሣሪያውን ከሠራ ጀምሮ አይቶ አያውቅም ነበር። ሽማግሌው መስመሩን አዩ፣ ደርቤን አዩ፣ የማይታዘዝ እግራቸውን አዩ። ሌላ የሚያዩት አልነበረም።

ውቢት ቅዳሜ ስትመለስ ሰባቱም ሞተው ተንሳፍፈዋል። አባቷ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው እንድታዞርላቸው ለመኗት።

«እነ ደርቤን ሁለት ጊዜ ቀበርኋቸው» አሏት።

ሰውየው ግን ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ብልሽቱን ሲፈልግ ዋለ። አላገኘም። አልነበረማ። መሣሪያው ስለ ብርጭቆው የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

አንተም እንዲሁ ነህ፣ ልጄ። ሦስተኛ ክፍል የምታስተምረዋ መምህርት «ከስልሳ ልጅ ግማሹ ፊደል አልለየም» እያለች በየሳምንቱ ስትጽፍልህ መረረህና ከክፍሏ አውጥተህ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጥሃት። እዚያ ሆና ስለ መደርደሪያው ትጽፍልሃለች፤ መደርደሪያውም ደህና ነው። ሌሎቹ መምህራን እሷ የት እንደ ገባች አይተዋል፤ እነሱም ስለ መደርደሪያ መጻፍ ጀምረዋል። ወላጆች ግን የሚያዩት የአንተን ሪፖርት ሳይሆን የልጃቸውን ደብተር ነው። እንደ ሽማግሌውም ወንበር ላይ የቀሩ አይደሉም፤ እግር አላቸው፤ ልጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

አነጋገሯ ሻካራ ነው ልትለኝ ነው፤ አይሃለሁ። ሻካራ ይሁን። ሰኞ ወደ ክፍሏ መልሳት፤ ጩኸቱ ካስቸገረህ ውኃውን ለውጥ።